አሜሪካኖች የሚመኙት፣ ግን የማይመርጡት ሦስተኛ ፓርቲ

ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ድርጅት በ2023 ባደረገው ጥናት 63 በመቶ የሚሆኑ አሜሪካውያን ሁለቱ ፓርቲዎች ሕዝቡን በቅጡ ስለማይወክሉ ሦስተኛ ትልቅ ፓርቲ ያስፈልጋል ብለው መልሰዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት 43 በመቶው የማንም ፓርቲ አይደለንም ሲሉ፣ ዴሞክራት ነን ያሉትም ሪፐብሊካን ነን ያሉትም እያንዳንዳቸው 27 በመቶ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው መሃል ላይ የሚቆም ፓርቲ ቢቋቋም ምርጫውን ጠራርጎ ይወስዳል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ሆኖም ከ535ቱ የኮንግረስ መቀመጫዎች ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጭ በግል ተወዳድረው ያሸነፉ ሰዎች የያዙት ሁለት ብቻ ነው፦ የቬርሞንቱ በርኒ ሳንደርስ እና የሜይኑ አንገስ ኪንግ። ሁለቱም በሴኔት የሚሰለፉት ከዴሞክራቶች ጋር ነው፤ ሳንደርስ ደግሞ በምንም መለኪያ የመሃል ሰው አይባልም።

በምኞቱና በድምፅ መስጫ ወረቀቱ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ከሕዝቡ ዳተኝነት የመጣ አይደለም። ግማሹ ምክንያት ሕዝቡ «መሃል» ሲል አንድ ነገር ማለቱ አለመሆኑ ነው፤ ሌላው ግማሽ የምርጫው ሕግ የተሠራበት መንገድ ነው።

ፍላጎቱ ከየት ይመጣል?

አብዛኞቹ የምርጫ ክልሎች አሸናፊያቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ገጠሩ ለሪፐብሊካን፣ ትልልቁ ከተማ ለዴሞክራት ይሰጣል። እውነተኛው ፉክክር የሚደረገው ፕራይመሪ በሚባለው የፓርቲ ማጣሪያ ምርጫ ሲሆን፣ እዚያ ወጥቶ የሚመርጠው ሰው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም አብዛኛው ለፓርቲው የሚምል ደጋፊ ነው። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል የሚፈራው ተቃዋሚ ፓርቲውን ሳይሆን «ለጠላት ተንበረከከ» ብሎ ከራሱ ቤት የሚነሳበትን ተፎካካሪ ነው። ከሌላው ወገን ጋር ተደራድሮ ሕግ ማውጣት በዚህ ስሌት ሽልማት ሳይሆን ቅጣት ያስከትላል።

የ2013ቱን የስደተኞች ሕግ ማሻሻያ እንይ። ረቂቁ ድንበር ጥበቃውን የሚያጠናክር፣ ያለ ሰነድ ለሚኖሩ ሚሊዮኖች ደግሞ ረጅም የሕጋዊነት መንገድ የሚከፍት ነበር። ሴኔት በ68 ለ32 ድምፅ አጸደቀው፤ 14 ሪፐብሊካኖችም ደግፈውታል። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። አፈ ጉባኤው ጆን ቤይነር የራሳቸው ፓርቲ አብላጫ ያልደገፈውን ረቂቅ ወደ መድረክ እንደማያመጡ አስታውቀው ነበርና፣ የሁለቱም ወገኖች ድምፅ ተደምሮ ያሳልፈው እንደሆነ የመሞከር ዕድል እንኳ አላገኘም። (ለእኛ ሰው ነገሩ ሌላም ገጽ ነበረው፤ ያ ረቂቅ ሕግ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ዲቪ ሎተሪ ይቀር ነበር።)

የመሃል ፓርቲ ማራኪነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ሰዎች ጥያቄ ርዕዮተ ዓለም አይደለም። ከመቶ ሴናተሮች 68ቱ የተስማሙበት ነገር ለምን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ነው የሚሉት። ከሐሳቡ ሁሉ ጠንካራው ደግሞ እንዲህ የሚለው ነው፦ መቶ መቀመጫ ያለው ሴኔት ለሁለት እኩል ሊከፈል ምንም ባልቀረው ዘመን፣ አራት ወይም አምስት የመሃል ሴናተሮች ብቻ ቢኖሩ ከሁለቱ ፓርቲዎች አንዱም ያለ እነሱ አብላጫ አይኖረውም። ፕሬዚዳንት ማስመረጥ አያስፈልግም፤ ሚዛኑን የሚያጋድል ጥቂት ድምፅ ይበቃል። ይህ ክርክር ውሃ ያነሳል። የሚገርመው ግን በዚህ ስም የተነሱት ድርጅቶች በብዛት ገንዘባቸውን ያፈሰሱት በሴኔት መቀመጫዎች ላይ ሳይሆን በፕሬዚዳንትነቱ፣ ማለትም ለማሸነፍ ከሁሉ በሚከብደው ወንበር ላይ መሆኑ ነው።

«መሃል» የሚባለው ሰፈር

የማንም አይደለንም ካሉት 43 በመቶ መካከል «ወደ የትኛው ያዘነብላሉ?» ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ወደ አንዱ ፓርቲ ያዘነብላሉ፤ ድምፃቸውን ሲሰጡም ከለየለት የፓርቲው ደጋፊ ብዙ አይለዩም። ወደ የትም የማያዘነብለው እውነተኛ መሃል ሰፋሪ ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ይህም ክፍል ፖለቲካን በቅርብ የማይከታተልና ከሌላው ያነሰ የሚመርጥ ነው። ፓርቲ ለመመሥረት ጠንካራ መሠረት አይሆንም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስቸግረው የአመለካከት ጉዳይ ነው። ሊ ድሩትማን የተባሉት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር የ2016 መራጮችን በሁለት መስመር ለይተው አጥንተዋል፤ አንዱ የኢኮኖሚ፣ ሌላው የማኅበራዊና የማንነት ጉዳይ። በኢኮኖሚው ወደ ግራ፣ በማኅበራዊው ወደ ቀኝ ያሉት፣ ማለትም ጡረታና የጤና ዋስትና እንዳይነካ የሚፈልጉ ነገር ግን በስደትና በባህል ጥያቄ ወግ አጥባቂ የሆኑት፣ 29 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኙ። የነዚህ ተቃራኒ፣ ማለትም መንግሥት ወጪውን ይቀንስ የሚሉና በማኅበራዊ ጉዳይ ለዘብተኛ የሆኑት፣ 4 በመቶ እንኳ አልሞሉም። በመሃል ፓርቲ ስም ገንዘብ የሚያዋጡት ባለሀብቶችና አማካሪዎች በአብዛኛው የሚገኙት ደግሞ በዚህች ጠባብ ማዕዘን ነው። ስለዚህ «በጀት ቆጣቢ፣ በማኅበራዊው ነፃ» የሚል ፕሮግራም ጽፈው ብዙኃኑ ሳይመጣ ሲቀር ይደነቃሉ። ጥፋቱ የቅስቀሳው ማነስ ሳይሆን የአድራሻው ስህተት ነው።

በ1992 በግል የተወዳደረው የቴክሳሱ ቱጃር ሮስ ፔሮ ይህን ከባለሙያዎቹ በተሻለ የገባው ይመስላል። የበጀት ጉድለቱ በዚያ ዓመት 290 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበርና እሱን ዋና ጉዳይ አደረገው፤ በገዛው የቴሌቪዥን ሰዓት ሠንጠረዥና ግራፍ ይዞ እየቀረበ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስረዳ ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ከሜክሲኮና ከካናዳ ጋር የሚደረገውን ነፃ የንግድ ስምምነት አጥብቆ ተቃወመ። ባለሀብቱ መሃል ይህን አይወድም፤ የፋብሪካው ሠራተኛ መሃል ግን ወደደው። በጁን ወር ጋለፕ በ39 በመቶ ከሁለቱም ተፎካካሪዎቹ በላይ አስቀምጦት ነበር።

19.7 ሚሊዮን ድምፅ፣ ዜሮ ውጤት

ፔሮ በጁላይ ራሱን ከውድድሩ አገለለ፣ በኦክቶበር መጀመሪያ ተመለሰ፤ ያም ሆኖ 19.7 ሚሊዮን ድምፅ፣ ከጠቅላላው 18.9 በመቶ አገኘ። ከ538ቱ የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፆች (ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ የሚወስኑት የየግዛቱ ወኪሎች ድምፆች) ያገኘው ግን ባዶ ነው። ከ24 ዓመት በፊት በ1968 የተወዳደረው የአላባማው ጆርጅ ዋላስ 13.5 በመቶ ብቻ አግኝቶ 46 የኤሌክቶራል ድምፅ ወስዷል።

ልዩነቱ የድምፁ ክምችት ነው። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በየትኛውም ግዛት አንደኛ የወጣው የግዛቱን የኤሌክቶራል ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። ዋላስ የዘር መለያየትን ደግፎ የተነሳ የአንድ አካባቢ ሰው ስለነበር በደቡብ አምስት ግዛቶችን አሸነፈ። የፔሮ ድምፅ ግን በመላ አገሪቱ እንደ ቅቤ በስሱ የተቀባ ነበር። የተሻለ ውጤት ባገኘባት በሜይን 30 በመቶ አግኝቶ ሥልጣን ላይ የነበሩትን ጆርጅ ቡሽን በጥቂት መቶ ድምፅ ቀድሞ ሁለተኛ ወጣ፤ በዩታ ደግሞ ዴሞክራቱን ቢል ክሊንተንን ቀደመ። ሁለተኛ መውጣት የሚያስገኘው ነገር የለም። የመሃል ፓርቲ መሠረታዊ ድክመት ይህ ነው፦ በባሕርዩ ሁሉም ቦታ ትንሽ ትንሽ ይወደዳል፣ የትም ቦታ አንደኛ አይሆንም። አክራሪው ወይም የአንድ አካባቢው ተወዳዳሪ ከእሱ ባነሰ ድምፅ የተሻለ ይጠቀማል።

ለምክር ቤት መቀመጫም ሕጉ ያው ነው። በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ ያልፋል፤ የሚያልፈውም ከሌሎቹ አንድ ድምፅ የበለጠ ያገኘ ነው። የኢትዮጵያ የተወካዮች ምክር ቤት አባላትም የሚመረጡት በዚሁ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ስለሆነ አንባቢ ውጤቱን አያጣውም። ፈረንሳዊው ሞሪስ ዱቨርዤ በ1951 እንዳብራራው፣ እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት መራጩ ድምፁ እንዳይባክን ከሚወደው ሦስተኛ ይልቅ ከሚጠላው የሚያድነውን ሁለተኛ ይመርጣል። ፖለቲከኛውም፣ ገንዘብ ሰጪውም ይህንኑ አስልቶ ወደ ሁለቱ ይጠጋል። 63 በመቶው ሦስተኛ ፓርቲ እያለ ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ሌላ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ የሕዝቡ ድጋፍ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀራል።

ኢማኑኤል ማክሮን በ2016 ፓርቲ መሥርቶ በ2017 ፕሬዚዳንት ሆኗል አይደል? ሆኗል። ግን ፈረንሳይ የምትመርጠው በሁለት ዙር ነው። ማክሮን በመጀመሪያው ዙር ያገኘው 24 በመቶ፣ ከፔሮ አምስት ነጥብ ብቻ የሚበልጥ ነበር። በሁለተኛው ዙር ከቀኝ ጽንፈኛዋ ማሪን ለፔን ጋር ብቻውን ሲቀር 66 በመቶ አገኘ። መሃል ላይ የቆመ ሰው ለሁለት ለሁለት ሲገጥም ኃይለኛ ነው፤ ለሦስት ሲገጥም ከሁለት ያጣ ይሆናል።

አንድ የመጨረሻ ወጥመድ አለ። የመሃሉ ዕጩ ጥቂት ግዛቶችን አሸንፎ ማንም ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን 270 የኤሌክቶራል ድምፅ እንዳያገኝ ቢያደርግስ? በሕገ መንግሥቱ 12ኛ ማሻሻያ መሠረት ፕሬዚዳንቱን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መካከል የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። እዚያ ድምፅ የሚሰጠው በሰው ቁጥር ሳይሆን በግዛት ነው፤ 52 ተወካይ ያላት ካሊፎርኒያ አንድ፣ አንድ ተወካይ ያላት ዋዮሚንግም አንድ ድምፅ አላቸው። ለማሸነፍ 26 ግዛት ያስፈልጋል። በምክር ቤቱ አንድም አባል የሌለው አዲስ ፓርቲ ይህን ከየት ያመጣዋል? ጉዳዩ በዚህ መንገድ የተወሰነው በ1824 ሲሆን፣ ያኔም በሕዝብም በኤሌክቶራልም ድምፅ የመራው አንድሩ ጃክሰን ቀርቶ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ተመረጠ።

ወረቀቱ ላይ ስም ማስገባት

የዴሞክራትና የሪፐብሊካን ዕጩዎች ስም በየግዛቱ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ያለ ብዙ ችግር ይሰፍራል። ሌላው በፊርማ ነው የሚገባው። አሜሪካ አንድ የምርጫ ሕግ የላትም፤ 50 ግዛቶችና ዋና ከተማዋ የየራሳቸው ቅጽ፣ ቁጥርና ቀነ ገደብ አላቸው። በ2024 ለፕሬዚዳንትነት በግል የሚወዳደር ሰው በቴነሲ 275 ፊርማ ይበቃው ነበር። በቴክሳስ 113,151፣ በፍሎሪዳ 145,040፣ በካሊፎርኒያ 219,403 ያስፈልገው ነበር። ኒው ዮርክ በ2020 ሕጓን አጥብቃ ከ15,000 ወደ 45,000 አሳደገችው፤ የሚሰበሰብበት ጊዜ 42 ቀን ብቻ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን አይደለም የሚያደክመው። በቴክሳስ በዚያ ዓመት የፓርቲ ማጣሪያ ምርጫ ላይ ድምፅ የሰጠ ሰው ለግል ተወዳዳሪ መፈረም አይችልም፤ ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከማጣሪያው ማግስት ሲሆን፣ ማለቅ ያለበት በሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በቀን ከ1,600 በላይ ተቀባይነት ያለው ፊርማ ማለት ነው። «ተቀባይነት ያለው» የሚለው ቃል እዚህ ከባድ ነው፦ ያልተመዘገበ መራጭ፣ ሁለቴ የፈረመ፣ አድራሻውን የቀየረ፣ ስሙ የማይነበብ ሁሉ ይወድቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ዘመቻ ከሚፈለገው አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሰበስባል። በጎ ፈቃደኛ ይህን ስለማይችለው በፊርማ ልክ የሚከፈላቸው ባለሙያ አሰባሳቢዎች ይቀጠራሉ፤ በፊርማ ልክ መክፈል ደግሞ የሐሰት ፊርማን ይጋብዛል።

ከዚያ ጠበቆቹ ይመጣሉ። በግል ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በ2024 በኒው ዮርክ ከበቂ በላይ ፊርማ አስገብተው ነበር፤ ፍርድ ቤት በኦገስት የጣለባቸው ቅጹ ላይ የሞላው የመኖሪያ አድራሻ እውነተኛ መኖሪያቸው አይደለም በሚል ነው። በኔቫዳ ደግሞ መጀመሪያ የሰበሰቡት ፊርማ ችግር ገጠመው፤ ቅጹ ላይ የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ ስም መኖር ሲገባው ያኔ ገና ምክትል አልመረጡም ነበር። ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ነገር፦ አዲስ ዘመቻ ፊርማ ማሰባሰብ ከመጀመሩ በፊት ምክትሉን መሰየም አለበት፤ ምክንያቱም ስሙን የሚጠይቁት ግዛቶች ጉባኤውን አይጠብቁም።

ሌላው በር የክርክር መድረክ ነው። ከ2000 ጀምሮ የፕሬዚዳንታዊ ክርክሮች ኮሚሽን በአምስት ብሔራዊ የአስተያየት ጥናቶች በአማካይ 15 በመቶ ያላገኘን አላስገባም። ፔሮ በ1992 ክርክሩ ላይ የቀረበው ይህ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ለክርክሩ በተጋበዘበት ሰሞን የነበረው ድጋፍ ከ15 በመቶ በታች ነበር። ከሱ ወዲህ በዚህ በር የገባ ሦስተኛ ሰው የለም። በ2024 ኮሚሽኑ ተገፍቶ ጣቢያዎቹ ራሳቸው ክርክሩን ሲያዘጋጁም 15 በመቶው ቀረ፤ ሲኤንኤን እንደ ኮሚሽኑ ሁሉ 270 የኤሌክቶራል ድምፅ በሚያስገኙ ግዛቶች ወረቀት ላይ መስፈርንም ጠየቀ።

ዕጩ የሌለው ፓርቲ

አሜሪካንስ ኢሌክት የተባለው ድርጅት በ2012 ያስገረመው ከባዱን ቀድሞ በመሥራቱ ነው። 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ ከሃያ በላይ በሆኑ ግዛቶች ወረቀት ላይ ቦታ ያዘ፤ ዕጩውን ሕዝቡ በኢንተርኔት ይምረጥ አለ። የመንግሥት ሥራ ልምድ ላለው ሰው ያወጣው መስፈርት 10,000 ደጋፊ ብቻ ነበር። ማንም አልሞላውም። በሜይ ተዘጋ።

ኖ ሌብልስ የተባለው ቡድን 12 ዓመት ቆይቶ ይህንኑ በትልቁ ደገመው። 70 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ አቅዶ በ21 ግዛቶች ገደማ ቦታ አገኘ። ዕጩ ሲፈልግ ግን የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ጆ ማንችን አልወዳደርም አሉ፣ የቀድሞው የሜሪላንድ አገረ ገዥ ላሪ ሆጋን በሪፐብሊካን ስም ለሜሪላንድ ሴኔት መወዳደርን መረጡ፣ በሪፐብሊካን ማጣሪያ በትራምፕ የተሸነፉት ኒኪ ሄሊም እምቢ አሉ። በኤፕሪል 2024 ጥረቱ ቆመ።

ከፍ ያለ ስም ያለው ፖለቲከኛ ለምን እምቢ ይላል? ከተሸነፈ፣ መሸነፉም አይቀርም፣ የሚጠላው ሰው እንዲያሸንፍ ድምፅ የከፋፈለ ተብሎ ስሙ ይነሳል። በ2000 በፍሎሪዳ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ልጅ ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ዴሞክራቱን አል ጎርን የቀደመው በ537 ድምፅ ሲሆን የግሪን ፓርቲው ራልፍ ኔደር እዚያ 97,488 ድምፅ አግኝቷል፤ ዴሞክራቶች ይህን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል። ደግሞም አብዛኞቹ ግዛቶች በፓርቲ ማጣሪያ ተሸንፎ በዚያው ዓመት በሌላ ስም መወዳደርን ይከለክላሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ ሞክሮ ከዚያ መዞር አይቻልም።

ገንዘብና ወረቀት ያለው፣ ሰው የሌለው ፓርቲ ሌላም አደጋ አለበት፤ ባዶ ቤት እንግዳ ይገባበታል። በአሪዞና የኖ ሌብልስን ስም ይዘው ለግዛት ሥልጣን ለመወዳደር የተመዘገቡ ሰዎች ተነስተው ፓርቲው እነሱን ለማስወጣት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ፔሮ ከ1992ቱ ምርጫ በኋላ የመሠረተው ሪፎርም ፓርቲ ዕጣ ግን የከፋ ነበር። ፔሮ በ1996 ካገኘው 8.4 በመቶ የተነሳ ፓርቲው ለ2000 ምርጫ 12.6 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ድጎማ ተፈቀደለት። ገንዘቡን ያየው ፓት ቡካነን፣ በወግ አጥባቂነቱ የሚታወቀው የቀድሞ ሪፐብሊካን፣ ገብቶ ዕጩነቱን ወሰደ፤ ፓርቲው ለሁለት ተሰንጥቆ ሁለት ጉባኤ ተደረገ። ውጤቱ 0.4 በመቶ ሆነ። መሃል ነኝ የሚል ፓርቲ በጽሑፍ የሰፈረ ጠንካራ እምነት ስለሌለው ማን ገብቶ እንደሚወስደው መከላከያ የለውም።

የተሳካበት ቦታ

በ1998 ቀድሞ ትግለኛ የነበረው ጄሲ ቬንቱራ በሚኒሶታ በሪፎርም ፓርቲ ስም ተወዳድሮ በ37 በመቶ አገረ ገዥ ሆነ፤ ሪፐብሊካኑ 34፣ ዴሞክራቱ 28 አገኙ። ሰዉ ያስታወሰው ላባ ያለበት አንገት ልብሱንና ቀልዱን ነው። ሥራውን የሠራው ግን ከአራት ዓመት በፊት የተጣለ መሠረት ነው፦ በ1994 ዲን ባርክሊ የተባለው ዕጩ ለሴኔት ተወዳድሮ ከ5 በመቶ በላይ ስላገኘ ፓርቲው በግዛቱ ሕግ «ትልቅ ፓርቲ» ተባለ። በዚህ ምክንያት ያለ ፊርማ ወረቀቱ ላይ ገባ፣ የግዛቱን የዘመቻ ድጎማ አገኘ። በክርክሮቹም ከሁለቱ ጎን ቆመ። ሚኒሶታ በምርጫው ቀን መመዝገብ የሚፈቀድባት ግዛት መሆኗም ዘግይተው የተነሳሱትን ወጣቶች አስገባ። ቬንቱራ ሥራ ሲጀምር ግን ከፓርቲው አንድም የግዛት ምክር ቤት አባል አልነበረውም፤ ከአንድ ዘመን በኋላም ድጋሚ አልተወዳደረም።

የበለጠ የሚያስተምረው የሜይን ታሪክ ነው። በ2010 ለአገረ ገዥነት በተደረገው ውድድር ሪፐብሊካኑ ፖል ለፔጅ 38፣ በግል የተወዳደረው የመሃሉ ሰው ኤሊየት ከትለር 36፣ ዴሞክራቷ 19 በመቶ አገኙ። ከትለር ለጥቂት ሳተው። በ2014 እንደገና ቀረበ፤ በዚህ ጊዜ ለፔጅን ማስወገድ የፈለጉ መራጮች ድምፃችን አይባክን ብለው ወደ ዴሞክራቱ ተሰበሰቡና ከትለር 8 በመቶ አገኘ። ሰውየው ያው ነው፣ ሐሳቡም ያው ነው፤ የተለወጠው የመራጩ ስሌት ነው። ለፔጅም ተመልሶ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የሜይን ሕዝብ በ2016 በሕዝበ ውሳኔ ሕጉን ቀየረ። መራጩ አንድ ሰው ብቻ ከመምረጥ ይልቅ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ በደረጃ ያስቀምጣል። ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ የመጨረሻው ይወጣና የሱ መራጮች ድምፅ ሁለተኛ ወዳሉት ይዛወራል። በ2018 በሁለተኛው የኮንግረስ የምርጫ ክልል ሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ሆነ፦ በመጀመሪያው ቆጠራ ሪፐብሊካኑ ብሩስ ፖሊኩዊን ዴሞክራቱን ጃሬድ ጎልደንን በ2,000 ድምፅ ገደማ ይመራ ነበር፤ ሁለት የግል ተወዳዳሪዎች በድምሩ 8 በመቶ ይዘው ነበር። ሁለቱ ወጥተው ድምፃቸው ሲዛወር ጎልደን በ3,500 ገደማ በልጦ አሸነፈ። ለሁለቱ የመረጡ ሰዎች ድምፃቸው አልባከነም። ነገሩን ያስጀመረው የአገረ ገዥነቱ ውድድር ግን በዚህ ሕግ ሊዳኝ አልቻለም፤ የግዛቱ ሕገ መንግሥት በጠቅላላ ምርጫ ግማሽ ባይሞላም ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ስለሚል የሜይን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች በ2017 እንደማይጣጣም አስታወቁ።

አላስካ ከዚህ አለፈች። በ2020 ያጸደቀችው ሕግ የፓርቲ ማጣሪያውን ራሱን አስቀርቶ ሁሉንም ዕጩዎች በአንድ ወረቀት ያወዳድራል፤ አራቱ ያልፋሉ፣ ከዚያ በደረጃ ይመረጣሉ። በ2022 ለዘብተኛዋ ሪፐብሊካን ሊሳ መርካውስኪ በትራምፕ የተደገፈችውን ተፎካካሪዋን በመጀመሪያው ቆጠራ በአንድ ነጥብ እንኳ ሳትበልጥ፣ የሌሎቹ ድምፅ ሲዛወር 54 በመቶ ደረሰች። በፓርቲ ማጣሪያ ቢሆን ኖሮ፣ ልክ በ2010 እንደሆነው፣ እዚያው ትወድቅ ነበር። ልብ በሉ፤ ሦስተኛ ፓርቲ አልተፈጠረም፣ ነገር ግን ሦስተኛ ፓርቲ ፈላጊዎቹ የሚሹት ዓይነት ሴናተር ተመረጠች።

ሌላው መንገድ ሕግ ሳይቀየር አንዱን ፓርቲ ገለል ማድረግ ነው። በካንሳስ በ2014 ግሬግ ኦርማን፣ በዩታ በ2022 ኤቫን መክሙሊን፣ በነብራስካ በ2024 ዳን ኦዝቦርን ዴሞክራት ዕጩ በሌለበት ከሪፐብሊካኑ ጋር ለሁለት ገጥመው ሁሉም ከ40 በመቶ በላይ አገኙ፤ ሁሉም ተሸነፉ። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ሪፐብሊካኖች «የተደበቀ ዴሞክራት» ይሉታል፣ እሱም ቢመረጥ ከማን ጋር እንደሚሰለፍ ሲጠየቅ ጥርት ያለ መልስ መስጠት አይችልም።

አሁን የት ላይ ነው?

የሕግ ለውጡም ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም። በኖቬምበር 2024 በኮሎራዶ፣ በአይዳሆ፣ በኔቫዳና በኦሬገን በደረጃ የመምረጥ ሐሳብ በሕዝበ ውሳኔ ወደቀ፤ ሚዙሪ ጭራሽ ከለከለችው። አላስካ ውስጥ ሕጉን ለመሻር የቀረበው ሐሳብ የከሸፈው ከ1,000 ባነሰ ድምፅ ነው። በዚያው ቀን ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ኢኒሼቲቭ 83 የተባለው በሰፊ ድምፅ አለፈ፤ በደረጃ መምረጥን የሚያስገባና ፓርቲ የሌላቸው ተመዝጋቢዎች በማጣሪያ ምርጫ እንዲሳተፉ የሚፈቅድ ነው። የከተማዋ ምክር ቤት በ2025 በጀት የመደበው ለደረጃ ምርጫው ሲሆን፣ ማጣሪያውን የመክፈቱ ክፍል ቆይቷል። ከወንዙ ማዶ ያለው የአርሊንግተን ካውንቲም በ2023 የቦርድ አባላት ማጣሪያ በደረጃ መርጧል።

ፓርቲዎቹም መነሳታቸውን አላቆሙም። በ2020 ለዴሞክራት ዕጩነት የተወዳደረው አንድሩ ያንግ በ2021 የመሠረተው ፎርዋርድ ፓርቲ በ2022 ከሌሎች ሁለት ቡድኖች ጋር ተዋሕዶ ከላይ ሳይሆን ከአካባቢ ምርጫ እጀምራለሁ ብሏል፤ ከቀደምቶቹ የተሻለ ስሌት ነው። ኢላን መስክ በጁላይ 2025 አሜሪካ ፓርቲ እመሠርታለሁ ሲል በሁለት ወይም ሦስት የሴኔትና ከስምንት እስከ አሥር የተወካዮች መቀመጫዎች ላይ ማተኮር እንደሚበቃ ጽፎ ነበር፤ የሚዛን ማጋደሉ ሐሳብ መሆኑ ነው። ነገር ግን ዓለምን የሚያስንቅ ሀብትም ቢሆን የኒው ዮርክን 42 ቀን 43 አያደርገውም።

እንግዲህ ቀጣዩ ሲታወጅ ከመሪው ስምና ከጥናቱ መቶኛ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። በስንት ግዛት ወረቀት ላይ ገብቷል? ቅጹ ላይ የምክትሉ ስም አለ? ከፕሬዚዳንቱ ሌላ ለየትኞቹ መቀመጫዎች ማንን አቀረበ? በእነዚያ ቦታዎች ከሁለቱ ፓርቲዎች አንዱ ደካማ ነው ወይስ ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው? ለ2028 የቴክሳስ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው በማርች ከሚደረገው ማጣሪያ ማግስት ነው። ያን ቀን አሰባሳቢዎቹን ቀጥሮ፣ ጠበቃውን ይዞ፣ ቅጹን ሞልቶ ያልተዘጋጀ ፓርቲ በኖቬምበር ወረቀቱ ላይ አይኖርም።